የማን ልጅ ነህ? ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር

የሐረር ትኬት ልትቆርጥ የመጣች ሴት ከዋጋው ቀድማ የምትጠይቀው ስለ ወንበሩ ነው። በመስኮት በኩል ብትቀመጥ አገር እያየች ትሄዳለች፤ ግን አጠገቧ የሚቀመጠው ሰው እጁ የማያርፍ ከሆነ መውጫ የላትም፤ ቀኑን ሙሉ በመስተዋቱና በሰውየው ትከሻ መካከል ተጣብቃ ትውላለች። በመተላለፊያው በኩል ብትሆን ብድግ ማለት ትችላለች፤ ግን ረዳቱም፣ ቆሎ ሻጩም፣ ዕቃውን የሚፈልገውም ሁሉ እየታከካት ያልፋል። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ከሁሉም ይሻላል። ሾፌሩ በመስተዋት ያያል፤ ድምፅ ብታሰማ ይሰማል። የመጨረሻውን ረጅም ወንበር ብቻዋን የምትጓዝ ሴት አትይዘውም። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብነውም፤ ከእናት፣ ከታላቅ እህት፣ ከጎረቤት ልጅ እየሰማን ነው ያደግነው።

«ከሴት አጠገብ አድርግልኝ» አልኩት ትኬት ቆራጩን። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የተሳፋሪዎቹን ስም በጣቱ እየተከተለ ወረደና አንዱ መስመር ላይ ቆመ። «እቺ ሴት ናት፤ እዚህ ላድርግሽ» አለኝ። አለመደነቁ ነው እኔን የደነቀኝ። በቀን ስንቶቻችን ይህንኑ ብንለው ነው እንዲህ የለመደው?

ሐረር የሄድኩት በግንብ የታጠረውን ጀጎልን ለማየት ነበር፤ አይቼዋለሁም። ግን የሴት ጉዞ ውስጥ ሌላ ጉዞ አለ፤ የማስታወሻ ደብተሬን ስገልጠው ከግንቡና ከበሮቹ ይልቅ እሱ ነው ገጹን የሞላው። ልጽፈው የወደድኩትም እሱን ነው።

አውቶቡሱ የሚነሣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስለሆነ ከቤት የሚወጣው ገና በጨለማ ነው። ከቤቴ እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ በቀን በእግር የሚኬድ ነው። በዚያ ሰዓት ግን አልሞከርኩትም። ታክሲ በስልክ ጠራሁ፤ የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስም ለእህቴ ላክሁላት፤ ገብቼ እንደተቀመጥኩም ሾፌሩ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደወልኩላት፤ «ተነሥቻለሁ፣ አሥር ደቂቃ ውስጥ እደርሳለሁ» አልኳት። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር። ሻንጣዬን አውርዶልኝ አውቶቡሱን እስካገኝ መብራቱን አብርቶ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳመሰግን ግን፣ ለእህቴ የላክሁት ታርጋ የእሱ መሆኑን አልረሳውም። ታክሲ በስልክ የሚጠራበትን ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ራሷ፣ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ፍለጋው ያሳድርባት የነበረው ስጋት ለዚህ ሥራ ካነሣሷት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ተናግራለች። ዛሬ በከተማው የለመድነው አንድ ትልቅ አገልግሎት በከፊል የተወለደው፣ አንዲት ሴት በምሽት ቤቷ ለመድረስ ካሳለፈችው ጭንቀት ነው።

ስጋቱ ደግሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመመለስ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈረች። ቤቷ አልደረሰችም። ታክሲው ውስጥ የነበሩት ወንዶች አግተው ለቀናት ደፈሯት፤ በጥቅምት ወር ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። አምስት ሰዎች ተፈረደባቸው። የፍርዱን ዜና ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ሴቶቹ ግን የታክሲውን ነገር አልረሳነውም። ከዚያ ወዲህ ልጅ ያላት እናት ሁሉ «ወንድ ብቻ ያለበት ታክሲ እንዳትገቢ» ብላ ሳትናገር ልጇን ከቤት አታስወጣም። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ቸኩላ እያለች አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ አይታ «ይለፈኝ» የምትል ልጅ ብታዩ፣ እየቆጠረች መሆኗን እወቁላት።

አጠገቤ የደረሰችኝ ሴት ከጂዳ ከተመለሰች ገና ወር አልሞላትም። እናቷን ለማየት ወደ ሂርና ትሄዳለች። አዳማን ሳናልፍ ተግባባን። ስለ መንገድ ስጋት ሳነሣባት ፈገግ አለች። «እዚያ መንገድ ላይ አንድም ወንድ ነክቶኝ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ ዝም ብላ በመስኮቱ ስታይ ቆየችና፣ «መንገድ ላይ ወጥቼ አላውቅማ! ፓስፖርቴ አሠሪዬ ጋ ነበር። በር የሚቆለፈው ከውጭ ነው» ብላ ጨረሰችው። ማታ ማታ የጓዳዋን በር በማቀዝቀዣው ደግፋ ትተኛ እንደነበር ነገረችኝ። የቤቱ ልጅ ሃያ ዓመት ሞልቶታል።

የእሷ ነገር አንድ ማስተካከያ እንድጨምር ያስገድደኛል። ለሴት አደገኛው ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ መንገድ አይደለም፤ ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 23 በመቶዎቹ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶዎቹ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ትዳር ከያዙት መካከል በብዛት የተጠቀሰው ጥቃት አድራሽ ባል ነው። ጥቃት ከደረሰባቸው ደግሞ 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ታዲያ ስለ አውቶቡስ ወንበር ለምን እጽፋለሁ? መንገድ ላይ ዝም የተባለው ነገር ቤት ውስጥም ዝም ስለሚባል ነው። ሃምሳ ሰው እያየ ዝም ያለውን፣ በር ተዘግቶ የሚሆነውን ማን ይናገራል?

አዋሽን አልፈን ወደ መኢሶ ስንቃረብ የአውቶቡሱ መስተዋት እንደ ምጣድ ጋለ። ወንዶቹ ውሃቸውን እየከፈቱ ይጠጣሉ። እኔና የጂዳዋ ልጅ የያዝነውን አልነካነውም፤ እኔማ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አልጠጣሁም። ከፊታችን ያሉት ሴቶችም እንደዚያው ከንፈራቸውን ብቻ ያረጥባሉ። ረዥም መንገድ የሚሄዱ ሴቶች ይህን ያውቁታል፤ የጠጣ ይወርዳል፣ የወረደ ይቸገራል። በዚያ ሙቀት ሳይጠጡ መዋል ራስ ያዞራል፣ ሽንት መያዝም ሕመም ያመጣል። ቢሆንም የምንመርጠው ጥሙን ነው።

አውቶቡሱ ግራር በሞላበት ሜዳ ላይ ቆመና ረዳቱ «ለሽንት፣ አምስት ደቂቃ!» አለ። ወንዶቹ ወርደው አስፋልቱ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ አለቀላቸው፣ ሲጋራ የለኮሰም አለ። እኛ ቁጥቋጦ ፍለጋ ሄድን። ርቀን እንዳንሄድ አገሩን አናውቀውም፤ ቀርበን እንዳንቀመጥ አውቶቡስ ሙሉ ዓይን አለ። ማንም ማንንም ሳይጠራ ሴቶቹ ተሰበሰብን። አንዷ ነጠላዋን ከሁለት ጫፍ ይዛ ዘረጋች፤ ጅልባብ የለበሰች ወጣት በሌላው በኩል ቆማ ክንዶቿን ከፈተች፤ ሕፃን ያዘለችው ልጇን ለማታውቃት ሴት አቀበለች። «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ተባለ። ተራ ደረሰ፣ ተራ ተለቀቀ። ሁለት ጎረምሶች ወደኛ አቅጣጫ መጣ መጣ ሲሉ አንዲት ነጋዴ ወገቧን ይዛ «ወዲያ ሂዱ! ይህ ሁሉ ሜዳ ጠበባችሁ?» አለቻቸው፤ ሄዱ። በዚያ ነጠላ ጀርባ ስንት ስም፣ ስንት ሃይማኖት፣ ስንት ቋንቋ እንደነበር አላውቅም። ተመልሰን ስንሳፈር ግን አውቶቡሱ ውስጥ አንዳች ነገር ተለውጦ ነበር፤ ሴቶቹ ተዋውቀናል።

ስለዚህ ነገር በአደባባይ ሲወራ አልሰማሁም። ስለ ሴቶች መንገድ ላይ ደኅንነት ስብሰባ ሲደረግ ሕግ ይነሣል፣ ፖሊስ ይነሣል፣ ግንዛቤ ይነሣል፤ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ መጸዳጃ ግን አይነሣም። ከዚህ አገር ታላላቅ መንገዶች አንዱ ነው ይህ፤ በየቀኑ ስንት አውቶቡስ ይመላለስበታል። ከአዋሽ እስከ አሰበ ተፈሪ ሁለት ሦስት ቦታ ውሃ፣ መብራትና መቀርቀሪያ ያለው መጸዳጃ ቢሠራ፣ ሴት ተጓዥ ውሃዋን ትጠጣ ነበር።

አሰበ ተፈሪ ላይ ምሳ በልተን የጨርጨርን ከፍታ መውጣት ስንጀምር ቀዝቀዝ አለ፤ ሰውም እንቅልፍ ወሰደው። እኔም አሸልቤ ነበር። የነቃሁት በአንዲት አሮጊት ድምፅ ነው። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ፣ ቁልቢ ገብርኤል ስለታቸውን ሊያደርሱ የሚሄዱ እናት ናቸው።

«አንተ ልጅ! እጅህን ሰብስብ!»

ከፊታቸው አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። አጠገቧ ያለው ሰውዬ፣ ሠላሳ የሚሆነው፣ ጃኬቱን ጭኑ ላይ ጥሏል፤ እጁ ከጃኬቱ ሥር ነበር።

«ምን አደረግኩ፣ እማማ?» አለ።

«ያደረግኸውንማ አንተ ታውቀዋለህ። ተነሥ፣ እዚህ እኔ ቦታ ተቀመጥ፤ እኔ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ። ደግሞስ የማን ልጅ ነህ አንተ?»

የማን ልጅ እንደሆነ አልመለሰም። ተነሥቶ ቦታ ቀየረ። ልጅቱ ነቅታ ሻርፗን እያስተካከለች ነበር፤ ፊቷ እንደተኛች ሰው ፊት አልነበረም። እንቅልፍ የወሰዳት የመሰለን እኛን ነው። አሮጊቷ አጠገቧ ተቀምጠው ምንም አልጠየቋትም፤ ከአገልግላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጧት።

ከሁለት ወንበር ኋላ አንድ ደህና የለበሰ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገና «ልክ ብለዋል እማማ፤ እኔም እያየሁት ነበር» አለ። ሌላውም «ባለጌ ነው፣ ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆነው» ብሎ ጨመረ። ከዚያ አውቶቡሱ ሞቅ አለ፤ ሁሉም የሚናገረው አገኘ።

ያቺን «እኔም እያየሁት ነበር» የምትል ንግግር ሐረር እስክንገባ ላወጣት አልቻልኩም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ልጅቱን የነካት እሱ አይደለም፤ እሱ ሴት ነክቶ አያውቅ ይሆናል። ግን እያየ ነበር። ሌላውማ ከአሰበ ተፈሪ ጀምሮ እያየ ነበር። ሴት መንገድ ላይ የምትፈራው ያን እጁ ከጃኬት ሥር የገባውን ሰው ብቻ ቢሆን ፍርሃቷ ትንሽ ነው፤ እንደሱ ያለው በአንድ አውቶቡስ አንድ ቢገኝ ነው። ፍርሃቷን ትልቅ የሚያደርገው የቀሩት ሃምሳ ሰዎች ናቸው። ብጮህ ምን ይላሉ? «ምን ለብሳ ነበር» ይላሉ? «ፍቅረኛሞች ናቸው፣ ተዉአቸው» ይላሉ? ወይስ እንደ አሮጊቷ አፋቸውን ይከፍታሉ? ሴት አውቶቡስ ውስጥ ስትገባ ፊት ለፊት ያሉትን ሁሉ አንድ ጊዜ በዓይኗ የምትዳስሰው ይህን ለመገመት ነው። «እኔ ሴት አላስቸግርም» ለሚለኝ ወንድ ሁሉ መልሴ ይህ ነው፤ አምንሃለሁ፣ ግን ጥያቄዬ እሱ አልነበረም።

ከሂርና ወዲያ፣ መንገዱ ዳር፣ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነበር። ወንዶቹ አንድም ሁለትም ሆነው ኳስ እየለጉ ይሄዳሉ። ሴቶቹ በቡድን ነው የሚሄዱት፤ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ተጠጋግተው። በዚች አገር የትምህርት ቤት መንገድ ለሴት ልጅ ምን እንደነበር እናቶቻቸው ያውቃሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብላ በነፃ ወጣች። ጉዳዩን «ድፍረት» በሚለው ፊልም ዓለም አይቶታል። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህን መሸሸጊያ ያነሣው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት፣ አስገድዶ መድፈርን ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ወሲባዊ ትንኮሳንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሥራ ቦታ ከልክሎታል። ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሴቶች ዕድሜያቸውን የሰጡበት ነው። ግን ልጅቱ ያለችው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ዳኛው ሩቅ ነው፣ ፖሊሱ ሩቅ ነው፣ ቅርብ ያለው አብሯት የተሳፈረው ሰው ነው።

አወዳይ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። የጫት ገበያው ደርቷል፤ ከገበያው መካከል የተቀመጡት ደግሞ ሴቶች ናቸው። እስሩን በጋቢና በቅጠል ሸፍነው፣ ገንዘባቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው፣ ከመኪና የሚወርደውን ወንድ ሁሉ በስሙ እየጠሩ ዋጋ ይሟገታሉ። አንዱ ሾፌር ቀልድ ሊቀልድ ሞክሮ ከሦስት አቅጣጫ መልስ መጣበትና እየሳቀ ሸሸ። ስለ ጫት ብዙ የሚባል ክፉ ነገር አለ፤ የእኔም ሐሳብ ከዚያ የራቀ አይደለም። በዚያ መሸ ጊዜ፣ በዚያ ትርምስ ውስጥ ግን፣ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦርሳዬን ከደረቴ ላይ አውርጄ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። ሴቶች በብዛት ካሉበት፣ የራሳቸው ሥራና የራሳቸው ድምፅ ካላቸው፣ ምሽቱም የሰው ነው።

ሐረርን ያየ ሁሉ ስለ መተላለፊያዎቿ ያወራል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳጠረው ግንብ ውስጥ ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ በመካከላቸው ሁለት ሰው በጎን የሚተላለፍበት መንገድ ብቻ ትተዋል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን አኗኗርም ጭምር ነው ያከበረው። እኔ ግን መጀመሪያ ስገባበት ሰውነቴ እምቢ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባብ መንገድ፣ ከፊቴ ወንድ እየመጣ፣ መቼም አልገባም። እዚህ ገባሁ። ከግንቡ ጀርባ የሴቶች ሳቅ ይሰማል፤ በሮቹ ክፍት ናቸው፤ ሕፃናት መሬት ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከፊቴ የሚመጣው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈኝና ሰላምታ ሰጠኝ። የመንገዱ መጥበብና መስፋት አይደለም ለካ ቁም ነገሩ፤ ሰው መኖሩ ነው።

መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ደግሞ የልብስ ሰፊዎች ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኙን ወንዶች የስፌት መኪናቸውን ከደጅ አውጥተው ይሰፋሉ፤ ሴቶች ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ይለካሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይከራከራሉ። ቀሚሴ ስለተተረተረ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጋ ቆምኩ። እየሰፉልኝ ሳለ ሁለት ልጆች ከኋላዬ «ማሬ፣ ዞር በይ እስቲ!» እያሉ አለፉ። ሰውየው እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሡ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አቦ ቀስ! የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉ። አንደኛው የአባቱን ስም ነገራቸው። «ሰላም በልልኝ አባትህን፤ ዛሬ ማታ መስጊድ አገኘዋለሁ» አሉት። ልጁ «ይቅርታ እህቴ» ብሎኝ ሄደ። ድምፅ ያልበዛበት፣ ዱላ የሌለበት፣ ማንም ያልተዋረደበት ነገር ነው። አውቶቡስ ውስጥ አሮጊቷ የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እዚያ መልስ ያጣው እዚህ መልስ አለው፤ የሚያውቁት አባት፣ የሚያገኙበት መስጊድ አለ።

በዚህ ተደስቼ ሳለ፣ ያረፍኩበት ቤት የምትኖር የጤና ተማሪ ደስታዬን አሳነሰችብኝ። «እሱ እኮ ለኛም ይሠራል» አለች። «እኔ ሦስት ሰዓት ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ እነዚያው አባቶች ናቸው ‘የማን ልጅ ነሽ፣ በዚህ ሰዓት ከየት ነው?’ የሚሉኝ። የሚጠብቀን ሰው ነው የሚቆጣጠረን።» እውነቷን ነው። ልጁን የሚገሥጸው ሽማግሌ ልጅቱንም ይገሥጻል፤ በእሱ ዓይን የሁለቱም ጥፋት ከቤት መውጣት ይመስላል። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነው፤ አባቷ ማንም ይሁን ማን፣ ሰዓቱ ስንትም ይሁን ስንት፣ መንገዱ የእሷም እንዲሆን።

አንድ ምሽት ከቤቱ እመቤት ጋር ዘመዶቿ ዘንድ ራት በልተን ስንመለስ አንድ ጅብ ከፊታችን መንገዱን አቋረጠ። እንግዳ ነኝና ክንዷን ያዝኩ። «ይለፍ፣ ምንም አይል» ብላ ቆመች፤ አለፈ። ጥቂት እንደሄድን ጥግ ላይ አምስት ስድስት ወጣቶች በር ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጫት ይቅማሉ፤ ጥጉ ላይ መብራት አልነበረም። እትዬ ሳትናገር ወደ ሌላ መተላለፊያ ታጠፈች፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ገባን። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጅቡ የሚፈልገውን አውቃለሁ፤ አጥንት ነው» አለችኝ። «ከልጆቹ አንዱን አውቀዋለሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። ሌሎቹን ግን አላውቃቸውም።» ምናልባት ሁሉም ጨዋ ነበሩ። ምናልባት ብናልፍ «እናንተ፣ እንሸኛችሁ» ይሉን ነበር። ግን ጨዋው ከባለጌው የሚለይበት ምልክት ግንባሩ ላይ አልተጻፈም፤ ተሳስተን ብናምን የምንከፍለው እኛ ነን፣ ተሳስተን ብንጠረጥር ደግሞ የምንከፍለው አሁንም እኛ ነን፤ ዙሪያውን የሄድነው እኛ ነና። ወንድ ወንድሞቻችን «ሁላችንንም ትጠረጥራላችሁ» ብለው ሲቆጡ ይህችን ሒሳብ ቢያዩልን እወዳለሁ። ጥርጣሬውን ወደነው አይደለም፤ ይደክማል።

በመጨረሻው ጠዋት በኤረር በር በኩል ወጣሁ። እንጨት የተሸከሙ የኦሮሞ ሴቶች ከገጠር ገብተው በሩ ሥር ይሸጣሉ። አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ሸክሟን እንዳዘለች ጎንበስ ብላ ቆማለች፤ ገዢ እስኪመጣ ማውረድ አትችልም፤ ካወረደችው መልሶ የሚያሸክማት የለም። አንድ ጎረምሳ በአጠገቧ ሲያልፍ ሻርፗን ሳብ አድርጎ ጉንጯን ነካት። ሁለት እጇ ገመዱን ይዟል፤ ፊቷን ብቻ አዞረች። ባለ ሱቁ አይቷል፤ ባጃጅ ነጂው አይቷል፤ ውሃ የሚቀዳውም አይቷል። የማን ልጅ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ጮህኩበት፤ ሳቀብኝና ሄደ። ልጅቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለችኝ፤ አጠገቧ ያለችው ሴት «ለምዳዋለች፣ ተዪው ነው የምትልሽ» ብላ ተረጎመችልኝ።

ቀሚሴን ለመውሰድ መኪና ግርግር ስመለስ ይህንኑ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «የዚያች ልጅ አባት ማን እንደሆነ እዚህ የሚያውቅ የለም፤ ለሷስ ማን ይጠይቅላት?» አልኳቸው። መኪናቸውን አቆሙ። ጎን ለጎን ያሉትን ሰውዬ ጠሩና ነገሩን በሐረሪ ቋንቋ አወሯቸው። ሰውየው ወደ አማርኛ ተመልሰው «የበሩ ነገር እኛን አይመለከትም፣ እዚያ ሱቅ ያላቸው አሉ» አሉ። ሽማግሌው «እንጨቱን ቤቱ የሚያነደው ማን ሆነና ነው የማይመለከተን?» አሉ። ከማዶ ያለ ወጣት ልብስ ሰፊ መርፌውን አቁሞ እሱ በየጠዋቱ በዚያ በር እንደሚገባ፣ ያንን ጎረምሳ በመልክ እንደሚያውቀው ተናገረ። «ታዲያ ምን ስትል ነበር?» አሉት ሽማግሌው። ጨርቅ ልታሰፋ የቆመች ሴትም «እኔም ልጠይቀው፤ ምን ትል ነበር?» ብላ ገባችበት። ቀሚሴን ከፍዬ ተቀብዬ ስሄድ ክርክሩ በመንገዱ ወርዶ ሦስተኛው መኪና ጋ ደርሶ ነበር።